ሞንዶ ሪከርዱን በሴንቲ እየቸረቸረ ነው እንዴ?

መስከረም 5 ሰኞ ከሰዓት ነው፣ አዲሱ ዓመት ከገባ ገና አምስተኛ ቀኑ። ሳሪስ አካባቢ አንድ ጁስ ቤት ውስጥ አራት ሆነን የቶኪዮውን የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና (በፈረንጅ 2025) እያየን ነው። የመጣነው ለ3 ሺ መሰናክል ነበር፣ እሱም እንዳልሆነ ሆኖ አለቀ፣ ኒውዚላንዳዊው ጆርዲ ቢሚሽ መጨረሻዋ ላይ ከሞሮኮው ኤል ባካሊ እጅ ነጠቀው፣ የኛ ልጆች ከሜዳሊያ ውጪ ሆኑ። በቃ ሂሳብ ከፍለን ልንወጣ ስንል ካሜራው ወደ ምርኩዝ ዝላዩ ዞረ።

እውነቱን ለመናገር እኔ ምርኩዝ ዝላይን ስጠላ ነው ያደግኩት። 10 ሺ ሜትር ላይ የኛ ልጆች ፍጥነት ቀይረው ሰልፉ መበጣጠስ ሲጀምር፣ ልክ ልብ በሚንጠለጠልበት ሰዓት፣ ዳይሬክተሩ ዘወር ያደርግና አንድ ፈረንጅ ፍራሽ ላይ በጀርባው ሲወድቅ ያሳየናል፣ ስንመለስ ሦስት ዙር አልፏል። ለኔ ምርኩዝ ዝላይ ማለት ሩጫዬን የሚያቋርጥ ማስታወቂያ ነበር፣ አለቀ።

የዛን ቀን ግን ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም። ትራኩ ላይ ያለው ሩጫ ሁሉ አልቋል፣ ስታዲየሙ ግን ንቅንቅ አላለም፣ ሁሉም አንድ ሰው ነው የሚጠብቀው። አርማንድ ዱፕላንቲስ፣ ሰው ሁሉ ሞንዶ የሚለው ስዊድናዊ፣ ወርቁን ካረጋገጠ ቆይቷል። አግዳሚው 6 ሜትር ከ30 ላይ ተሰቅሏል። ሁለቴ ሞክሮ ጥሏል። ሦስተኛው የመጨረሻው ነው። ምርኩዙን ይዞ መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ቆመ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ከዛ ሮጠ፣ ምርኩዙ እንደ ቀስት ጎበጠ፣ ልጁ ተገልብጦ እግሩ ወደ ሰማይ፣ ሲያልፍ አግዳሚው ተነካና ተንቀጠቀጠ፣ እኛም ጁስ ቤት ውስጥ አብረን ተንቀጠቀጥን፣ አልወደቀም። 6.30፣ አዲስ የዓለም ሪከርድ። ተፎካካሪዎቹ ሮጠው መጥተው ተጠመጠሙበት፣ የተሸነፉት እነሱ መሆናቸውን የረሱ ነው የሚመስለው።

ይሄኔ ከአራታችን አንዱ፣ ነገር ወዳዱ ጓደኛችን፣ ምን ቢል ጥሩ ነው፦ "ይሄ ልጅ ግን እየቸረቸረን ነው። 6.40 መዝለል እየቻለ አንድ አንድ ሴንቲ እየጨመረ የሪከርዱን ብር ይለቅማል።"

ክርክሩ ተጀመረ፣ ቤት ገብቼም አለቀቀኝም። ይሄ ጥያቄ የኛ ጁስ ቤት ብቻ አይደለም፣ አትሌቲክስ የሚከታተል ሰው ሁሉ የሚከራከርበት ነው። እና ቁጭ ብዬ ቁጥሮቹን አየኋቸው።

ቁጥሮቹ ላይ ላዩን ከታዩ ጓደኛዬ ልክ ነው። ሞንዶ የመጀመሪያውን የዓለም ሪከርድ የሰበረው ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2020 ፖላንድ ቶሩን ላይ ነው፣ 6.17። ከሱ በፊት የነበረው የፈረንሳዩ ሬኖ ላቪልኒ 6.16 ነበር። በሳምንቱ ግላስጎ 6.18። ከዛ 2022 ላይ ቤልግሬድ በአንድ ወር ውስጥ ሁለቴ፣ 6.19 እና 6.20፣ በዛው ዓመት ዩጂን 6.21። 2023 ክሌርሞን ፌራን 6.22፣ እንደገና ዩጂን 6.23። 2024 ቻይና ሺያመን 6.24፣ ፓሪስ ኦሎምፒክ 6.25፣ ከ20 ቀን በኋላ ፖላንድ ሲሌዢያ 6.26። 2025 እንደገና ክሌርሞን ፌራን 6.27፣ ስቶክሆልም 6.28፣ ቡዳፔስት 6.29፣ ቶኪዮ 6.30። ቶኪዮ ላይ 14ኛው ነው። 14 ሪከርድ፣ 14 ሴንቲሜትር፣ አንዷ እንኳን ሁለት ሴንቲ የላትም። ይሄን ያየ ሰው "ኧረ ይሄ ነገር የታሰበበት ነው" ቢል አይፈረድበትም፣ የታሰበበትም ነው። ግን መታሰቡና መቸርቸሩ አንድ ነገር አይደለም።

ሲጀመር ይሄን ነገር የኛ ስፖርት ላይ ብናስበው እብደት ነው። ሯጭ ሪከርዱን በልክ አይሰብርም፣ ሰዓቱ የሰጠውን ይቀበላል። ሴፕቴምበር 17 ቀን 2023 ዩጂን ላይ፣ የዳይመንድ ሊግ ፍጻሜ፣ ጉዳፍ ፀጋይ 5 ሺ ሜትርን በ14:00.21 ገባች። የቀድሞው የኬንያዊቷ ፌይዝ ኪፕዬጎን 14:05.20 ነበር፣ ጉዳፍ በአንድ ቀን ወደ 5 ሰከንድ ቀነሰችበት። እዛው ስታዲየም፣ እዛው ቀን፣ ሞንዶ ከ6.22 ወደ 6.23 አለ። እስቲ አስቡት፣ ጉዳፍ እንደሱ መቸርቸር ብትችል ኖሮ አንድ አንድ ሰከንድ እያረገች ለአምስት ውድድር ይበቃት ነበር። ኃይሌማ አይነሳ፣ 1995 ዙሪክ ላይ 5 ሺውን 12:44.39 ሲገባ የኬንያዊውን የኪፕታኑይን ሪከርድ በ10.91 ሰከንድ ነው የቆረጠው። በሞንዶ አካሄድ ቢሆን ኃይሌ በዛች አንድ ማታ ብቻ አስር ዓመት ይበላባት ነበር።

ልዩነቱ የሰው ፀባይ አይደለም፣ የውድድሩ አሠራር ነው። ሯጭ ከሮጠ በኋላ ነው ምን እንደሠራ የሚያውቀው። ምርኩዝ ዘላይ ግን ከመዝለሉ በፊት ዋጋውን ራሱ ይጠራል። "6.30 ላይ ስቀሉልኝ" ይላል፣ ይሰቅሉለታል፣ አለፈ ወይ አላለፈም፣ ሌላ ውጤት የለም። አግዳሚው 6.30 ላይ ሆኖ ገላው 6.45 ላይ ቢያልፍም የሚመዘገብለት 6.30 ነው። ትርፉ አየር ላይ ይቀራል። ርዝመት ዝላይ ወይም ጦር ውርወራ ቢሆን ያረፈበት ይለካለታል፣ እዚህ ግን ካዘዝከው በላይ የበላኸው አይቆጠርም።

ደግሞ ሕጉን ማየት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው አንድ ሴንቲ የሱ ፈጠራ ይመስለዋል። ተፎካካሪዎች ባሉበት ሰዓት አግዳሚው ከዙር ዙር ከ5 ሴንቲ ባነሰ አይጨምርም። ሁሉም ወድቀው አሸናፊው ብቻውን ሲቀር ግን ቀጣዩን ከፍታ የሚወስነው እሱ ነው። ቁመት ደግሞ በሙሉ ሴንቲሜትር ነው የሚለካው፣ ግማሽ ሴንቲ የሚባል የለም። ስለዚህ ሪከርድ ለመስበር ሕጉ የሚጠይቀው ትንሹ ነገር አንድ ሴንቲ ነው፣ እሱም የጠየቁትን ከፈለ። ሦስት ተከታታይ ሙከራ ከጣለ ደግሞ በቃ፣ የቀኑ ጨዋታ አበቃ። እስቲ ራሳችሁን ቦታው ላይ አድርጉ፣ ስትዘሉ አምሽታችሁ እግራችሁ ዝሏል፣ ሦስት ጥይት ነው የቀራችሁ፣ የሚፈለገው 6.30 ነው፣ 6.35 ታዛላችሁ? እኔ በበኩሌ አላዝም።

አሁን "6.40 መዝለል ይችላል" ወደሚለው እንምጣ። እዚህ ጋ ነው ከጓደኛዬ ጋር የምለያየው። 6.18ን የዘለለው ፌብሩዋሪ 2020 ነው፣ 6.19ን ደግሞ ማርች 2022። መሃል ላይ ሁለት ዓመት አለ! ኮሮና ነበር፣ እሺ፣ ግን እየተወዳደረ ነበር፣ 6.19ንም እየሞከረ ነበር፣ ደጋግሞ። የቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ፣ ኦገስት 2021፣ ባዶ ስታዲየም ውስጥ በ6.02 ወርቁን ከወሰደ በኋላ 6.19 አሰቀለ፣ ሦስቱንም ጣለ። በኪሱ ትርፍ ሴንቲ የያዘ ሰው ኦሎምፒክ ላይ አንዷን አያጣም። ፓሪስም በሦስተኛው ሙከራ ነው፣ ከላይ ያልኳችሁ ቶኪዮም በሦስተኛው፣ ያውም አግዳሚውን ነክቶ። ቸርቻሪ ቢሆን ኖሮ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ሞልቶለት ነበር፣ እሱ ግን ብዙ ጊዜ የመጨረሻዋን ፍሬ ነው ጠራርጎ የሚያወጣው።

አንድ ሴንቲ ራሷ ስንት ናት የሚለው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እዚህ ትንሽ ፊዚክስ አለ፣ ታገሱኝ፣ አስረኛ ክፍል የተማርነው ነው። ምርኩዝ ዝላይ ማለት ሩጫን ወደ ከፍታ መመንዘር ነው። ዘላዩ ወደ 20 እርምጃ ይንደረደራል፣ የምርኩዙን ጫፍ መሬት ውስጥ ወደተቀበረችው ሳጥን ይሰካል፣ የሩጫው ጉልበት ምርኩዙን ያጎብጠዋል፣ ምርኩዙ ሲቃና ሰውየውን ወደ ላይ ይተኩሰዋል። ፍጥነትን በፍጥነት አባዝተህ ለሁለት ጂ (ጂ የመሬት ስበት ናት) ስታካፍል፣ በሰከንድ 10 ሜትር የሚሮጥ ሰው ወደ 5.10 ሜትር ከፍታ የሚሆን ጉልበት ይዟል። የሰውነቱ መካከለኛ ቦታ ሲነሳም ከመሬት አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ 6.10 አካባቢ ደረስን፣ ቀሪውን በእጁ ገፍቶ፣ በሆዱ ጡንቻ ተገልብጦ፣ አግዳሚው ላይ እንደ እባብ ተጠምዝዞ ነው የሚያመጣው፣ በየመሃሉ የሚባክን ጉልበትም አለ፣ እሱንም ማካካስ አለበት።

በዚሁ ስሌት አንድ ሴንቲ ለመጨመር ፍጥነትህ በሰከንድ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ማደግ አለበት። ትንሽ ይመስላል አይደል? ወደ 100 ሜትር ሩጫ ቀይሩት፣ አንድ መቶኛ ሰከንድ ይሆናል። አሁን ገባችሁ? ጃማይካዊው አሳፋ ፓወል ከ9.77 ወደ 9.74 ሲወርድ፣ ቦልት 9.72 ሲሮጥ፣ ማንም ሰው "እየቸረቸሩን ነው" አላለም። ሁለትና ሦስት መቶኛ እንደ ተአምር ነው የተቆጠረው። የሞንዶ አንድ ሴንቲ ከነዛ ጋር የምትቀራረብ ናት፣ ብቻ ቁጥሯ ቀጥ ብላ አንድ አንድ ስለምትሄድ የሱቅ ሂሳብ ትመስላለች።

በነገራችን ላይ ልጁ ዝም ብሎ ዘላይ አይደለም፣ ሯጭ ነው። ሴፕቴምበር 2024 ዙሪክ ላይ ከኖርዌዩ የ400 መሰናክል ንጉስ ካርስተን ዋርሆልም ጋር ለጨዋታ ተብሎ 100 ሜትር ሮጡ፣ ሞንዶ 10.37፣ ዋርሆልም 10.47። ዋርሆልም ተሸንፎ በማግስቱ የስዊድንን መለያ ለብሶ ተወዳደረ፣ ውርርዱ እንደዛ ነበር። ምርኩዝ ዘላይ የትራክ ሰውን በሩጫ ሲቀድም፣ ምስጢሩ የት እንዳለ ያኔ ነው የገባኝ። ከላይ የምናየው መገለባበጥ ጌጡ ነው፣ ዋናው ሥራ መንደርደሪያው ላይ አልቋል።

እስካሁን ጠበቃው መስያለሁ አይደል? ቆይ።

ጁን 15 ቀን 2025 ስቶክሆልም፣ 1912 ኦሎምፒክ የተደረገበት አሮጌው ስታዲየም፣ የገዛ ሀገሩ ሕዝብ ፊት፣ 6.28 አሰቀለ። በመጀመሪያው ሙከራ አለፈ። ሜዳው በጩኸት ተቀደደ፣ መለያውን አውልቆ ሮጠ፣ ቤተሰቡን አቀፈ፣ ሁሉም ደስ አለው። ከዛስ? ከዛማ አበቃ። 6.29 አላሰቀለም። ሁለት ወር ቆይቶ ኦገስት 12 ቡዳፔስት ላይ ዘለላት። በመጀመሪያ ሙከራ ያለፈ ሰው፣ እግሩ ገና ያለ ሰው፣ ለምን አይቀጥልም? እዚህ ጋ ለጓደኛዬ ነጥብ እሰጠዋለሁ። ይሄ ንግድ ነው። በርግጥ ሪከርድ ከሰበርክ በኋላ ሰውነት እንደማይታዘዝ፣ ደስታው ራሱ ጉልበት እንደሚጨርስ የሚያስረዱ አሉ፣ ይገባኛል፣ ግን ሁልጊዜ? 14 ጊዜ? አንድ ቀን እንኳን "እስቲ አንዴ ልሞክር" አይባልም?

ምክንያቱ ብር ነው፣ ብሩ ደግሞ እንዴት እንደሚከፈል ማየት ነው። የቶኪዮ ዓለም ሻምፒዮና ላይ ወርቅ 70 ሺ ዶላር ነው፣ የዓለም ሪከርድ ለሰበረ ደግሞ ተጨማሪ 100 ሺ ዶላር። ልብ በሉ፣ ለሪከርዱ የሚከፈለው ከወርቁ ይበልጣል። ጉርሻው ደግሞ በሴንቲ አይቆጠርም፣ አንድ ሴንቲም ሰበርክ አስር ያው ነው። አስር ሴንቲ በአንድ ቀን የሰበረ ሰው አንድ ጉርሻ ይወስዳል፣ አስር ቀን አንድ አንድ የሰበረ አስር ጉርሻ። ይሄን ሂሳብ መርካቶ ያደገ የስምንት ዓመት ልጅ ይሠራዋል። አዘጋጆቹም ቢሆኑ ይሄን ነው የሚፈልጉት፣ እያንዳንዱ ውድድር "ዛሬ ይሰበር ይሆናል" ብሎ ትኬት መሸጥ አለበት፣ ልጁ አንድ ቀን 6.38 ዘልሎ ቢቀመጥ ለቀጣዩ አምስት ዓመት ማን ይመጣል? ስለዚህ ጥፋት ከተባለ ጥፋቱ የቸርቻሪው ብቻ አይደለም፣ ገበያውን የዘረጋውም ሰው ጥፋት ነው። ለሴንቲ ክፈሉ፣ ያኔ ታያላችሁ።

ደግሞም እሱ አልጀመረውም። የዚህ ንግድ አባት ሰርጌ ቡብካ ነው፣ ዩክሬናዊው፣ ያኔ ለሶቭየት ኅብረት ነበር የሚዘለው። 1984 ላይ ጀምሮ 35 ጊዜ የዓለም ሪከርድ ሰብሯል፣ 17 ከቤት ውጪ 18 በአዳራሽ። በሱ ጊዜ የሜዳና የአዳራሽ ሪከርድ ለየብቻ ነበር የሚቆጠረው፣ ሁለት ሱቅ ነበረው ማለት ነው፣ ክረምት አንዱን በጋ ሌላውን። ከ2000 ወዲህ ነው ጣሪያ ኖረም አልኖረም ትልቁ ቁመት አንዱ የዓለም ሪከርድ ነው የተባለው፣ ለዛ ነው የሞንዶ 14ቱ በአንድ መዝገብ የገቡት። ቡብካ ለየሪከርዱ ጉርሻ ይከፈለው እንደነበር የታወቀ ነው፣ በአንድ ሴንቲ የመሄዱ ወሬም ከዛ ጊዜ ጀምሮ አለ። ግን ሰውየውን በዚህ ብቻ ማስታወስ ግፍ ነው። 1985 ፓሪስ ላይ 6 ሜትርን በሰው ልጅ ታሪክ መጀመሪያ ያለፈው እሱ ነው፣ ስድስት ተከታታይ የዓለም ሻምፒዮና ወስዷል፣ ከ1983 እስከ 1997።

ኦሎምፒክ ላይ ግን አንድ ወርቅ ብቻ፣ ሴኡል 1988። ባርሴሎና 1992 ላይ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ 5.70 ሁለቴ ጣለ፣ ሦስተኛውን ለ5.75 አቆየ፣ እሱንም ጣለ፣ ያለ ምንም ቁመት ወጣ። 6.10 በላይ የሚዘል ሰው 5.70 አቃተው። ዜሮ። ይሄ ስፖርት እንደዚህ ነው፣ ነፋስ ትንሽ ካፈነገጠች፣ የመጨረሻው እርምጃህ አንድ ጫማ ከቀረበ፣ አለቀልህ። ለዛ ነው ሞንዶ በየሄደበት ማሸነፉ ከሴንቲዎቹ በላይ የሚገርመኝ፣ ሪከርዱን እርሱት፣ አለመሳሳቱን እዩ።

የቡብካ የአዳራሽ 6.15፣ 1993 ዶኔትስክ ላይ የዘለላት፣ 21 ዓመት ቆየች። ላቪልኒ 2014 ላይ 6.16 የዘለለው እዛው ዶኔትስክ፣ ቡብካ ራሱ ተቀምጦ እያየ ነው። ዛሬ ያቺን ከተማ በስፖርት ሳይሆን በጦርነት ነው የምናውቃት።

ልጁ ከየት መጣ የሚለውን አሳጥሬ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ለኛ ሀገር ሰው የሚያስቀው ይሄ ክፍል ነው። የተወለደው 1999 አሜሪካ ሉዊዚያና ላፋዬት ነው፣ አባቱ ግሬግ ራሱ 5.80 የዘለለ ምርኩዝ ዘላይ፣ እናቱ ሄሌና ስዊድናዊት የሰባት ዓይነት ስፖርት ተወዳዳሪና ቮሊቦል ተጫዋች። ጓሯቸው ውስጥ የምርኩዝ ዝላይ ሜዳ ነበራቸው፣ መንደርደሪያ፣ ሳጥን፣ ፍራሽ፣ ሙሉ። ልጁ መራመድ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ነው ምርኩዝ የያዘው። ለስዊድን ለመወዳደር መረጠ፣ በ18 ዓመቱ 2018 በርሊን አውሮፓ ሻምፒዮና ላይ 6.05 ዘልሎ ዓለምን ጉድ አሰኘ። በኛ ጓሮ ያለው ጎመን ነው፣ እሱም ካለ። አንዱ ምርኩዝ ብቻ በመቶዎች ዶላር ነው፣ ደግሞ አንድ አይበቃም፣ እንደ ክብደትህና እንደ ጥንካሬው ብዙ ትይዛለህ፣ ፍራሹ ከዛ በላይ ነው፣ አምስት ሜትር የሚረዝም ዕቃ ይዘህ ሚኒባስ ውስጥ መግባት ደግሞ አስቡት፣ ረዳቱ የስንት ሰው ሂሳብ እንደሚያስከፍልህ። የአፍሪካን ሪከርድ 6.03 ያደረገው የደቡብ አፍሪካው ኦከርት ብሪትስ ነው፣ 1995። እግርና ዳገት ያለው ሀገር ለምን ሯጭ እንዳፈራ፣ ፍራሽና ጓሮ ያለው ለምን ዘላይ እንዳፈራ ብዙ ምርምር አይፈልግም።

እኔን ግን ከመቸርቸሩ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፣ ብቸኝነቱ። ቶኪዮ ላይ ሁለተኛ የወጣው የግሪኩ ኤማኑኤል ካራሊስ 6.00 ነው የዘለለው። 6.00 እና 6.30፣ በዚህ ስፖርት ይሄ የሰማይና የምድር ርቀት ነው። ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ሁለተኛው አሜሪካዊው ሳም ኬንድሪክስ 5.95፣ ሞንዶ 6.25። ካራሊስ በ2025 6.08 ደርሷል፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን ሞንዶን እንዲፈራ የሚያደርግ ሰው በዛን ሰሞን አልነበረም። ብቻህን ስትቀር ነው አግዳሚውን በአንድ ሴንቲ ማስተካከል የሚፈቀድልህ ብያለሁ፣ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ብቻውን ነው የሚቀረው። የመቸርቸሩ ምንጭ እዚህ ነው። ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ባይኖር ኃይሌ ሲድኒ 2000 ላይ ያን የመጨረሻ መቶ ሜትር ይሮጠው ነበር? በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው ያሸነፈው፣ 10 ሺ ሜትር ሮጠው በ9 መቶኛ! ለሞንዶ እንደዛ ዓይነት ሰው አልመጣለትም። ከሁሉ የወደድኩለት ውድድር፣ ቪዲዮውን ዘግይቼ ነው ያየሁት፣ የተሸነፈበት ነው፣ የዶሃው የ2019 የዓለም ሻምፒዮና። እሱም ኬንድሪክስም 5.97 ዘለሉ፣ እኩል፣ በጣሉት ሙከራ ብዛት ኬንድሪክስ ወርቁን ወሰደ። የ19 ዓመት ልጅ ነበር፣ ፊቱ ላይ ያለው ነገር ከ14ቱ ሪከርድ በአንዱም ላይ አላየሁትም።

ፓሪስን ደግሞ ሳላነሳ አላልፍም፣ ምክንያቱም ጓደኛዬን ዝም ያሰኘሁት በሱ ነው። 6.00 ሲዘል ወርቁ የሱ ሆኗል። ከዛ 6.10 አሰቀለ፣ የኦሎምፒክ ሪከርዱ 6.03 ስለነበር በ7 ሴንቲ ሰበረው። እዚህ ጋ ቸርቻሪ የሚባለው ሰው 6.04 ነበር ማሰቀል የነበረበት። አላሰቀለም። ከ6.10 ቀጥታ 6.25። በሦስተኛው አለፈ፣ ወደ ፍቅረኛው ሮጦ ሳማት፣ ስታዲየሙ እንደ ኳስ ሜዳ ጮኸ። ለኦሎምፒክ ሪከርድ ጉርሻ የለማ፣ አለኝ ጓደኛዬ። መልስ አላጣም መቼም።

ከጁስ ቤቱ ስንወጣ ክርክሩ አላለቀም ነበር። ባለ ጁስ ቤቱ ሂሳቡን እየተቀበለ "6 ሜትር ከ30 ግን በኛ ስንት ይሆናል?" አለ። ውጪ ወጥተን ፊት ለፊት ያለውን ሕንጻ አንጋጠን አየነው። ታች ሱቅ አለ፣ ከላዩ የልብስ ሰፊ ቤት፣ ከሱ በላይ ደግሞ ሰው የሚኖርበት ሁለተኛ ፎቅ ላይ በረንዳ አለ፣ ብረቱ ላይ የታጠበ ነጠላ ተሰጥቷል። አንዱ ፎቅ ሦስት ሜትር ነው ብንል በረንዳው ወለል ላይ ደርሶ ትንሽ ያልፋል ማለት ነው፣ ነጠላው ጫፍ ጋ። አራታችንም ባለ ጁስ ቤቱም አንገታችንን ቀና አድርገን ቆመን ቀረን፣ በረንዳው ላይ ብቅ ያሉ አንድ እናት "ምንድነው የምታዩት ልጆች?" እስኪሉን ድረስ።